ማሽኑ ውሃ አላስገባ ሲል፦ ከሮቶው እስከ ቫልቩ

ልብሱ ገብቷል፣ ሳሙናው ተጨምሯል፣ በሩ ተቆልፏል። ማሽኑ ግን ውሃ አያስገባም። «እምምም» የሚል ድምፅ ያሰማል፣ ከበሮው ደረቅ ልብስ ይዞ አንድ ሁለቴ ይገላበጣል፣ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ሰሌዳው ላይ ምልክት ይወጣል። ኤልጂ ከሆነ «አይኢ»፣ ሳምሰንግ ከሆነ «4ኢ» ወይም «4ሲ»፣ ቦሽ ከሆነ «ኢ17»። ሁሉም የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ ጠበቅኩ፣ ውሃው ልኩ ላይ አልደረሰም።

ልብ በሉ፣ ምልክቱ ቫልቩ (የውሃውን መግቢያ የሚከፍተውና የሚዘጋው ክፍል) ተቃጥሏል አይልም። ማሽኑን የሚያዘው የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ተበላሽቷልም አይልም። ውሃ አልደረሰኝም ነው የሚለው። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ውሃ የማይደርስበት ምክንያት ብዙ ነው፤ አብዛኛውም ከማሽኑ ውጭ ያለ ነው። ቫልቩ ተቀይሮ፣ ቦርዱ ተፈትቶ ተገጥሞ፣ ችግሩ እንዳለ የሚቀጥለው ለዚህ ነው። ጥፋቱ ጣሪያ ላይ ሆኖ ማሽኑ ሆድ ውስጥ ይፈለጋል።

ካቻቢቴ ከማንሳት በፊት ማዳመጥ ይቀድማል። ፕሮግራም አስጀምሩና የውሃ መግቢያው ጎማ ከማሽኑ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ጆሯችሁን አስጠጉ። ከፊት በሚከፈቱት ማሽኖች ከኋላ በኩል ላይኛው ጥግ ላይ ነው። «እምምም» የሚል ድምፅ ካለ መብራት ቫልቩ ጋ ደርሷል፣ ሽቦውም ይሠራል ማለት ነው፤ ጎደለ የሚባለው ውሃው ነው። ምንም ድምፅ ከሌለ ነገሩ ሌላ ነው፤ ወይ በሩ በትክክል አልተቆለፈም፣ ወይ ማሽኑ ውሃ ያለበት መስሎታል፣ ወይ የቫልቩ ጥቅል ሽቦ ተበጥሷል። እነዚህ ላይ በኋላ እንመጣለን። እኛ አገር የሚበዛው የመጀመሪያው ነው፣ ድምፅ አለ ውሃ የለም።

ቫልቩን የሚከፍተው ማነው?

ብዙ ሰው መብራት ሲመጣ ማግኔቱ ቫልቩን ይከፍተዋል ብሎ ያስባል። ግማሹ ልክ ነው። ቫልቩ ውስጥ የውሃውን መንገድ የሚዘጋው ሳንቲም የምታህል ክብ ጎማ ናት። መሃሏ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለ፣ ቀዳዳውን ደግሞ በሞላ የተገፋ ቀጭን የብረት ዘንግ ይደፍነዋል። ከጎማዋ ዳር በኩል መርፌ የወጋው የሚመስል ሌላ ቀዳዳ አለ። ማግኔቱ የሚያነሳው ዘንጉን ብቻ ነው። ዘንጉ ሲነሳ ከጎማዋ በላይ ታምቆ የነበረው ውሃ በመሃሏ ቀዳዳ ያመልጣል፣ ከላይ ያለው ጫና ይቀንሳል፣ ያን ጊዜ ከስር ያለው ውሃ ራሱ ጎማዋን ወደ ላይ ገፍቶ ይገባል። በሩን የሚከፍተው ውሃው ነው፤ መብራቱ መወርወሪያውን ብቻ ነው የሚስበው።

ውሃው አቅም ከሌለው ዘንጉ ይነሳል፣ ድምፁ ይሰማል፣ ጎማዋ ግን ከቦታዋ ንቅንቅ አትልም። ቢበዛ እንደ ክር የቀጠነ ውሃ ሳሙና ማስቀመጫው ላይ ይንጠባጠባል።

ሲዘጋም እንደዚያው ነው። ዘንጉ ይወርዳል፣ ውሃው በመርፌዋ ቀዳዳ ገብቶ ከላይ ጎማዋን ተጭኖ ይደፍናታል። የሚጫን ውሃ ከሌለ ጥሩ አድርጋ አትደፍንም። ማሽኑ ጠፍቶ አድሮ ጠዋት ከበሮው ውስጥ አንድ ጆግ የሚሆን ውሃ የሚገኘው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ ከጎማዋ ስር አሸዋ ገብቶ። ለማረጋገጥ ማሽኑን ከሶኬት ንቀሉት። ተነቅሎም ውሃ መግባቱን ከቀጠለ ችግሩ ቫልቩ ወይም የውሃው ጫና ነው። ሲነቀል ቀጥ ካለ ግን መብራት እየላከ ያለው ቦርዱ ነው።

የሮቶው ከፍታ

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ ያስፈልጋል፣ ግን ቀላል ናት። ውሃ በ1 ሜትር ከፍታ 0.1 ባር ገደማ ጫና ይሰጣል። በ10 ሜትር 1 ባር። ማሽኖች የሚፈልጉት ዝቅተኛ ጫና ከኋላቸው በተለጠፈው ወረቀት ወይም በመመሪያው ላይ ተጽፏል፤ ብዙዎቹ ከ0.5 ባር ይጀምራሉ፣ ከ1 ባር በታች አልቀበልም የሚሉም አሉ። ወረቀቱ ላይ በሜጋ ፓስካል ከተጻፈ 0.05 ማለት 0.5 ባር ነው፣ 0.1 ማለት 1 ባር። በኪሎ ፓስካል ከሆነ 50 እና 100።

ስለዚህ 0.5 ባር የሚፈልግ ማሽን በሮቶ ውሃ ብቻ እንዲሠራ የሮቶው ውሃ ከማሽኑ ቫልቭ 5 ሜትር በላይ መሆን አለበት። ከመሬት አይደለም፣ ከቫልቩ። ቫልቩ ራሱ ከወለሉ 80 ወይም 90 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። በ3 ሜትር የብረት ማማ ላይ የተቀመጠ ሮቶ ሙሉ እያለ የውሃው ፊት ከመሬት ከ4 ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ የቫልቩን ከፍታ ቀንሱለት፣ 3 ሜትር አካባቢ ይቀራል፣ ማለትም 0.3 ባር። ሮቶው ሲጋመስ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። «ሮቶው ሲሞላ ይሠራል፣ ሲጎድል ያቆማል» የሚባለው ማሽን አንዳች ብልሽት የለበትም። ሒሳቡን በትክክል እየሠራ ነው።

አንድ ፎቅ ቤት ላይ፣ ሮቶው ጣሪያ ላይ ሆኖ፣ ታች ያለው ማሽን አጥቦ ሲጨርስ ላይኛው ፎቅ ያለው የሚለምነውም በዚሁ ነው። ታች 6 ሜትር ይወርድለታል፣ ላይ 2 ሜትር። ኮንዶሚኒየም የመጨረሻው ፎቅ ላይ ያላችሁ ሮቷችሁ ከራሳችሁ በላይ ስለሆነ የተሻለ ውሃ የምታገኙ ይመስላችኋል፤ በተቃራኒው ነው፣ ከሕንፃው ሁሉ ትንሹ ጫና የናንተ ነው። ከመስመር የሚመጣ የከተማ ውሃ ባለበት ሰዓት ግን ያው ማሽን ያለ ችግር ሊሠራ ይችላል፣ በተለይ ሌሊት፣ ሌላው ሰው ቧንቧውን ዘግቶ ሲተኛ።

ይህ ሁሉ ቧንቧው ንጹሕ ከሆነ ነው። ግማሽ ኢንች የሆነ ያረጀ የብረት ቧንቧ ውስጡ በዝገት ጠቦ የእርሳስ ውፍረት ሊያክል ይችላል፤ እያንዳንዱ የቧንቧ መታጠፊያም ጫናውን ትንሽ ትንሽ ይቀንሳል።

የባልዲው ፈተና

ሒሳቡን ለማመን ከከበዳችሁ 10 ሊትር የሚይዝ ባልዲና ሰዓት ያለው ስልክ ይበቃል። ማሽኑን ከሶኬት ንቀሉ፣ ውሃውን ዝጉ፣ ጎማውን ከማሽኑ በኩል ፍቱ። ጎማው ውስጥ የቀረ ውሃ ስለሚፈስ ከስር ሳፋ አድርጉ። አሁን የጎማውን ጫፍ ባልዲ ውስጥ ከትታችሁ ቧንቧውን ሙሉ በሙሉ ክፈቱና ጊዜ ያዙ።

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው። ባልዲውን ወለል ላይ አታስቀምጡ። በርጩማ ወይም ማሽኑ ጫፍ ላይ፣ ማለትም ቫልቩ ባለበት ከፍታ ላይ ይሁን። ወለል ላይ ሲሆን ውሃው ተጨማሪ 80 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል፤ ያላችሁ ጠቅላላ ከፍታ 3 ሜትር ከሆነ ይህ ከሩብ በላይ ነው፣ ፈተናው ይዋሻችኋል።

አንዳንድ አምራቾች ከተከፈተ ቧንቧ በደቂቃ ቢያንስ 8 ሊትር መውጣት አለበት ይላሉ። በዚያ ስሌት 10 ሊትሩ በ75 ሰከንድ መሙላት አለበት። ሁለት ደቂቃ ከፈጀ መልሱን አገኛችሁ፤ ማሽኑን ተዉት፣ ወደ ቧንቧው ዙሩ። ግድግዳው ላይ ያለው መክፈቻ ሙሉ በሙሉ ተከፍቷል? ከሮቶው መውጫ ላይ ያለውስ? ቧንቧ ሠራተኛ መጥቶ ከሄደ በኋላ ግማሹን ብቻ ተከፍቶ የቀረ ሩቢኔቶ ስንቱን ማሽን በሐሰት አስወንጅሏል። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ ደግሞ ቧንቧው ውስጥ አየር ይቀራል፤ በአቅራቢያው ያለ ሌላ ቧንቧ ከፍታችሁ ማንኮራፋቱን እስኪያቆም ማስፈሰስ ነው።

በ75 ሰከንድ ውስጥ ከሞላ ጥሩ ነው፣ ግን መጠንና ጫና አንድ እንዳልሆኑ አትርሱ። ሰፊ ቧንቧና አጭር መንገድ ካለ ውሃው በዝቅተኛ ጫናም ቢሆን ባልዲ ይሞላል፣ የቫልቩን ጎማ ማንሳት ግን ያቅተዋል። ስለዚህ ባልዲውንም ሜትሩንም አንድ ላይ ተመልከቱ።

ፓምፕ ከመግዛት በፊት

ጫናው ከጎደለ መፍትሔው ሁለት ነው፣ ሮቶውን ከፍ ማድረግ ወይም ትንሽ ፓምፕ መግጠም። ማማ ላይ 2 ሜትር መጨመር 0.2 ባር ብቻ ስለሚያስገኝ ለብዙ ቤት ፓምፑ ያዋጣል። ግማሽ የፈረስ ጉልበት ያለው ለአንድ ቤት ከበቂ በላይ ነው። የሚገጠመው ከሮቶው በኋላ፣ ወደ ቤት በሚገባው መስመር ላይ ነው፤ ከከተማው መስመር ላይ በቀጥታ መሳብ የጎረቤትን ውሃ መሳብ ነው፣ ቧንቧ ውስጥም ቆሻሻ ይጎትታል።

ዓይነቱ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ሁለት ዓይነት አውቶማቲክ አለ። አንደኛው ውሃ ሲንቀሳቀስ አይቶ የሚነሳ ነው፣ ሌላው ጫና ሲወርድ ለክቶ የሚነሳ። የመጀመሪያው ለሻወርና ለእጅ መታጠቢያ አሪፍ ነው፤ ለማሽን ግን ወጥመድ አለው። ማሽኑ ቫልቩን ለመክፈት ጫና ይጠብቃል፣ ፓምፑ ለመነሳት ውሃ እስኪንቀሳቀስ ይጠብቃል፣ ቫልቩ ስላልተከፈተ ውሃው አይንቀሳቀስም፣ ሁለቱ ሲጠባበቁ ምልክቱ ይወጣል። ሌላ ቧንቧ ሲከፈት ፓምፑ ተነስቶ ማሽኑም ውሃ ማስገባት ከጀመረ ጉዳዩ ይሄው ነው። ለማሽን ጫና ለክቶ የሚነሳውን ምረጡ። ሮቶው ባዶ ሲሆን ራሱን የሚያጠፋ መሆኑንም ጠይቁ፤ ያለ ውሃ የሚሽከረከር ፓምፕ ብዙ አይቆይም።

ወንፊቱ

ጫናው ደህና ከሆነ ቀጣዩ ተጠርጣሪ ወንፊቱ ነው። ጎማውን ስትፈቱ ቫልቩ አፍ ውስጥ ጣት የማታህል የፕላስቲክ ወይም የብረት ወንፊት ታያላችሁ። ብዙ ጊዜ ጎማው ከግድግዳው ቧንቧ ጋር በሚገናኝበትም በኩል ሁለተኛ ወንፊት አለ፤ እሱ ይረሳል።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቧንቧው ሲደርቅና ሲሞላ ግድግዳው ላይ የተጋገረው ዝገትና ደለል ይላቀቃል። ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ የሚመጣው ውሃ መጀመሪያ ቀይ ወይም ቡናማ የሚሆነው ለዚህ ነው። ያ ሁሉ የሚጠራቀመው ወንፊቱ ላይ ነው። ከጉድጓድ ውሃ የሚጠቀም ቤት ደግሞ ነጭ ቅርፊት ያገኛል፤ የጉድጓድ ውሃ ከግድብ ውሃ ይልቅ ማዕድን ይበዛዋል።

ወንፊቱ መሃሉ ላይ ትንሽ ጉጥ አለው። በፒንሳ እሱን ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ፤ አታጣሙት፣ የፕላስቲኩ ዳር ከተሰበረ ተመልሶ ልክ አይቀመጥም። አሸዋ ብቻ ከሆነ በቧንቧ ውሃ ከውስጥ ወደ ውጭ እጠቡት። ዝገት ወይም ነጭ ቅርፊት ከያዘው አቼቶ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ዘፍዝፋችሁ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጉት። በብርሃን አሻግራችሁ እዩ፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ ብርሃን ማሳለፍ አለበት።

አንዳንዱ ሰው «ወንፊቱን አውጥቼ ጣልኩት፣ አሁን ውሃው እንደ ጉድ ይገባል» ይላል። ይገባል፣ እውነት ነው። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከክቧ ጎማ ስር እስክትቀመጥ ድረስ። ከዚያ በኋላ ቫልቩ አይዘጋም፣ ማሽኑ ጠፍቶም ውሃው መግባቱን ይቀጥላል፣ ቤት ውስጥ ሰው ከሌለ ወለሉ ይዋኛል።

ስትመልሱ የጎማው ጫፍ ውስጥ ያለችው ጎሚኒ በቦታዋ መሆኗን አረጋግጡ፣ የደረቀችና የተሰነጠቀች ከሆነች ቀይሯት። የሦስት ሩብ ኢንቹን የፕላስቲክ ብሎን በእጅ አጥብቁ፣ ከዚያ በፒንሳ ሩብ ዙር ብቻ። ከዚያ በላይ ማጥበቅ የቫልቩን የፕላስቲክ ጥርስ ይበላዋል፣ በዚያን ጊዜ ሙሉ ቫልቭ መግዛት ነው። ውሃውን ክፈቱና ደረቅ ሶፍት መገጣጠሚያው ስር አስጠግታችሁ ለአምስት ደቂቃ ተዉት። ሶፍቱ ከረጠበ ይንጠባጠባል።

ውሃ በመጣ ቁጥር ማሽኑ ጋ ያለውን መክፈቻ ዘግታችሁ የመጀመሪያውን ቀይ ውሃ ለጓሮው ወይም ለመጸዳጃ ቤቱ ብታስፈስሱት ወንፊቱን በወር የምትፈቱትን በዓመት ትፈቱታላችሁ።

ከውጭ የመጣ ማሽን

ከአሜሪካ በኮንቴነር የመጣ ማሽን ከኋላው ሁለት መግቢያ አለው፣ የሙቅና የቀዝቃዛ። እኛ ቤት አንዱ ብቻ ይገጠምና ሌላው ባዶ ይቀራል። ለብ ያለ ውሃ የሚፈልግ ፕሮግራም ሲመረጥ ማሽኑ የሙቁን ቫልቭ ይከፍታል፣ የሚመጣ ነገር የለም፣ ውሃ አልደረሰኝም ይላል። ቀዝቃዛውን ፕሮግራም ብቻ መጠቀም ወይም አንዱን ቀዝቃዛ መስመር በሹካ ማገናኛ ለሁለቱም ማካፈል ነው። የጎማውም ጥርስ ይለያያል፤ የአሜሪካው የውሃ ጎማ በአንድ ኢንች 11 ተኩል ጥርስ፣ እዚህ የለመድነው ሦስት ሩብ 14 ጥርስ አለው። መጀመሪያ ላይ የገጠመ ይመስልና ይንጠባጠባል፤ በቴፕ ብዛት አይድንም፣ ማገናኛ ይፈልጋል። ማሽኑ የ120 ቮልት ከሆነ ትራንስፎርመር ይፈልጋል፤ ትራንስፎርመሩ ግን ቮልቱን እንጂ 60 ኸርዙን ወደ እኛ 50 ኸርዝ አይቀይርም። የሳዑዲ መብራትም 60 ኸርዝ ነው። የነዚህ ማሽኖች ውሃ ማስወጫ ፓምፕ እዚህ በዝግታ ይሽከረከራል፣ ይሞቃልም።

ውሃው ገብቶ እየወጣ ቢሆንስ?

ይሄ በጣም የሚያሞኝ ብልሽት ነው። ውሃው በደንብ ሲገባ ይሰማል፣ ግን በመስታወቱ ስታዩ ከፍ አይልም፣ በመጨረሻም ያው የውሃ ምልክት ይወጣል። ሰው ቫልቩን ይለውጣል። ጥፋቱ ግን የመውጫው ጎማ ነው።

ብዙ ባኞ ቤት ውስጥ የማሽኑ መውጫ ጎማ ወለል ላይ ወዳለው ፍሳሽ ቀዳዳ ተጋድሞ ይጣላል። ጎማው ዝቅ ብሎ ከተኛ ውሃው በራሱ ስበት ተጎትቶ ይወጣል፣ ፓምፑ ሳይሠራ፤ ከበርሜል በጎማ ናፍጣ እንደሚቀዳው ማለት ነው። ማሽኑ ያስገባል፣ ጎማው ያስወጣል፣ ቆጣሪውም ይቆጥራል። ሮቶው ባዶ ሆኖ የሚገኘው አንዳንዴ በዚህ ነው።

ጎማው ከማሽኑ ኋላ መጀመሪያ ከ60 እስከ 100 ሳንቲ ሜትር ድረስ ወደ ላይ መውጣት አለበት፣ ከዚያ ወደፈለገበት ይውረድ። ከማሽኑ ጋር የመጣው የኤሊ አንገት የሚመስል ፕላስቲክ መያዣ ለዚሁ ነው፤ ከጠፋ ግድግዳው ላይ በሽቦ ማሰር ይበቃል። ጫፉን ደግሞ ፍሳሹ ውስጥ በጥልቀት አትወትፉት፣ አየር የሚያልፍበት ክፍተት ይኑረው። ከ1 ሜትር በላይም አታስሩት፣ ፓምፑን ያደክማል።

ምንም ድምፅ ከሌለ

አሁን ወደተውናቸው እንመለስ። በሩ ሲዘጋ «ጠቅ» ማለት አለበት፤ ካላለ ቦርዱ ለቫልቩ መብራት አይልክም። በበሩ ጎማ እጥፋት ውስጥ የተቀረቀረ ካልሲ ወይም የላላ መቀርቀሪያ ነው የሚሆነው። ይህ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ረቂቅ ነው። ማሽኑ የውሃውን ልክ የሚያውቀው በአየር ነው። ከገንዳው ስር የሚነሳ ቀጭን ጎማ ወደ ላይ ወጥቶ ከአንዲት ክብ መለኪያ ጋር ይገናኛል። ውሃ ሲገባ ጎማው ውስጥ ያለውን አየር ይገፋል፣ መለኪያዋ ግፊቱን አይታ «በቃ» ትላለች። ዱቄት ሳሙና ሲበዛ፣ በተለይ ለእጅ እጥበት የተሠራው ብዙ አረፋ ያለው፣ እንደ ሊጥ ሆኖ የዚህን ጎማ አፍ ይደፍናል። አየሩ ታፍኖ ከቀረ ማሽኑ ውሃ ያለበት ይመስለዋል፤ አያስገባም፣ እንዲያውም ባዶውን ገንዳ ለማስወጣት ፓምፑን ደጋግሞ ያስነሳል። ጎማው ቀዳዳ ካበጀ ደግሞ ግልባጩ ይሆናል፣ ሞልቶ እየፈሰሰም አልሞላም ብሎ ያስገባል።

ማሽኑን ንቀሉ፣ የላይኛውን ክዳን ከኋላ የያዙትን ሁለት ብሎኖች ፈታችሁ ወደ ኋላ ገፋ አድርጋችሁ አንሱት። ቀጭኑን ጎማ ከመለኪያዋ ላይ አውጡና በአፋችሁ ወደ ታች ቀስ ብላችሁ ንፉ። ገንዳው ስር ውሃ ካለ አየሩ ውስጡ መንቦቅቦቅ አለበት። መለኪያዋ ላይ ግን በጭራሽ በፓምፕ አየር አትንፉ፣ ውስጧ ያለው ስስ ሽፋን ይቀደዳል። አንድ ሙሉ ማሽን ልብስ ከፊት ለሚከፈት ማሽን የሚፈልገው ሁለት የሾርባ ማንኪያ ገደማ አውቶማቲክ ሳሙና ነው፤ በጣሳ መጨመር ትርፉ ይሄ ነው።

ሦስተኛው ሽቦው ነው። ቴስተር ካላችሁ፣ ማሽኑ ከሶኬት ተነቅሎ፣ የቫልቩን ሁለት ገመዶች አውጥታችሁ ኦም ላይ ለኩ። ለ220 ቮልት የተሠራ ቫልቭ ከ3000 እስከ 5000 ኦም አካባቢ ያሳያል። ምንም ካላሳየ ተበጥሷል። ሁለት ወይም ሦስት ጥቅል ካለው ሁሉንም ለክታችሁ እርስ በርስ አስተያዩ፤ እኩል የሚጠጋ ቁጥር መስጠት አለባቸው። የቅድመ እጥበቱ ሳሙና ክፍል ውሃ አግኝቶ የዋናው ካላገኘ አንዱ ብቻ ሞቷል።

መብራቱም ድርሻ አለው። ምሽት ላይ ቮልቱ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ ማግኔቱ ዘንጉን ለማንሳት አቅም ያጥረዋል፤ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ማሞቂያውም ይዳከማል፤ የ2000 ዋት ማሞቂያ በ180 ቮልት 1340 ዋት ገደማ ብቻ ነው የሚሰጠው፣ እጥበቱ የሚንዛዛው በዚህ ነው። ስታብላይዘር ካስፈለገ ሙቅ ውሃ ለሚጠቀም ማሽን 5000 ቪኤ የተጻፈበትን ያዙ፤ አንዳንዱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከሚሸከመው በላይ ነውና። ዲቫይደር ላይ ግን አትሰኩት። ማሞቂያው 9 አምፔር ይስባል፣ የዲቫይደሩ ፕላስቲክ ቀልጦ ሲሸት ነው የሚታወቀው።

ቫልቩን መቀየር

ይህን ሁሉ አልፋችሁ ጥፋቱ ቫልቩ ላይ ከደረሰ ሥራው ቀላል ነው። ከመፍታታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ፣ የትኛው ገመድ የትኛው ላይ እንደነበረ ይጠፋችኋል። ውሃውን ዝጉ፣ ክዳኑን አንሱ፣ ከኋላ ቫልቩን የያዙትን ብሎኖች ፍቱ፣ ወደ ሳሙና ማስቀመጫው የሚሄዱትን ጎማዎች ማሰሪያ በፒንሳ ጨብጣችሁ ሳቡ።

ወደ መርካቶ ስትሄዱ የማሽኑን ስም ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ አሮጌውን ቫልቭ በእጃችሁ ያዙ። ማየት ያለባችሁ የመውጫዎቹን ብዛት፣ መውጫው ቀጥ ያለ ነው ወይስ ወደ ጎን የታጠፈ የሚለውን፣ የብሎን ቀዳዳዎቹን ርቀትና ጥቅሉ ላይ የተጻፈውን ቮልት ነው። እነዚህ ከገጠሙ የሌላ ማሽን ቫልቭም ይሠራል። 110 ቮልት የተጻፈበትን በስሕተት ብትገጥሙ ወዲያው ይቃጠላል። አዲሱን ከመግጠማችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ በቴስተር አስለኩት፣ በአፋችሁም ንፉበት፤ መብራት ሳያገኝ አየር ማሳለፍ የለበትም።

ገጥማችሁ ስትጨርሱ መጀመሪያ ልብስ ሳትጨምሩ በአጭር ፕሮግራም አስኬዱት፣ ክዳኑ ክፍት ሆኖ፣ እጃችሁን ግን ከውስጡ አርቁ። ጎማዎቹ ጋ ጠብታ ካለ ያኔ ይታያል። ውሃው ልኩ ላይ ሲደርስ ድምፁ ቀጥ ይላል፣ ከበሮውም መዞር ይጀምራል። ከዚያ ማሽኑን አጥፍታችሁ ሶኬቱን ንቀሉና ሳሙና ማስቀመጫውን ጎትታችሁ ለአሥር ደቂቃ ተመልከቱ፤ አንዲት ጠብታ እንኳ መውረድ የለባትም።